ባንክ የበላው በሬ

ጉራጌ ሆኖ ለመስቀል አገሩ ያልገባ ሰው ወይ ታስሯል ወይ ታሟል ይባላል አቃቂ። ይህን የሚሉት ሌሎቹ ናቸው። ጉራጌዎቹ ራሳቸው ሦስተኛ ምክንያት ያውቃሉ፤ እሱን ግን ጮክ ብለው አይናገሩትም። ከስሯል ማለት ነው።

ወልደየሱስ አልከሰረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ታሪኩን ባወራ ቁጥር ከዚያ ስለሚጀምርና ስለሚያናድደኝ ነው። ሱቁ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ሚዛኑ የታመነ፣ ዕቃው የማይጎድል፣ እሱም ፊቱን የማያጠቁር ነጋዴ ነበር። የፋብሪካው ሠራተኛ ወሩን ሙሉ ከእሱ በዱቤ ይወስዳል፣ ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላል። ሚስቱ አማረች ልጆቹን ይዛ አገር ቤት፣ እዣ ነች፤ እንሰቱንም ከብቱንም የምታየው እሷ ናት። እሱ ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻውን ያድራል። ባልና ሚስት የሚገናኙት በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ነው። ዓመቱን ሙሉ እሷ ቅቤ ታጠራቅማለች፣ እሱ የበሬ ገንዘብ ያጠራቅማል። በሬው የወንድ ድርሻ ነው። በሬ አስጎትቶ የገባን ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ የት ከርመህ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም።

እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ እሱም ዕቁብ ይጥል ነበር። ሱቁ ሲደላደል ግን የቦታውን ካርታ አስይዞ ከተማ ካለ ባንክ ሒሳብ ከፈተ፤ ባንኩም ኦቨርድራፍት የሚሉትን ነገር ፈቀደለት። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። በሒሳብህ ገንዘብ ባይኖርም እስከተወሰነ ልክ ድረስ ቼክ እየጻፍክ ታወጣለህ፤ ልኩን ጣሪያ ይሉታል፤ ከጣሪያው በላይ ከወጣህ ትቀጣለህ። ወልደየሱስ ቼክ መቅደድ ወደደ። በጥሬ ብር ሊከፍል የሚችለውን ትንሽ ዕቃ እንኳ መርካቶ ሄዶ ሲገዛ ደብተሩን ያወጣል፣ እየተጠነቀቀ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ከዚያ ሰው እያየው ቀስ ብሎ ይቀድዳል። ለዕቁቡ ዳኛም «እኔ እንግዲህ ባንክ አለኝ» አላቸውና ወጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህን ነው። ዕቁብተኞቹ አልተቆጡም፤ ስሙን ሰረዙና ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ እሑድ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዕቁብ ቤት ተሰብስቦ ስለ አገር ቤት ሲያወራ፣ እሱ ሱቁ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ባቡር ሲያልፍ ያያል። እሑድ እንዲህ ረጅም ቀን መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤቱ ከሊል የስልጤ ሰው ነው፤ እሱም ሱቅ አለው፣ ግድግዳቸው አንድ ነው። ከሊል ወለድ ያለበት ገንዘብ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብሎ ባንክ ደጃፍ ደርሶ አያውቅም፤ ብሩን በጣሳ ነው የሚያስቀምጠው። ወልደየሱስ በዚያች ጣሳ ያላሾፈበት ቀን አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ «ጣሳህ ስንት ወለደች?» እያለ ሲስቅ፣ ከሊልም አብሮት ይስቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ለዘመን መለወጫ ገበያ ዕቃ ሲያስገባ ከጣሪያው በላይ ወጣ። ባንክ ቤት ጉዳዩን የሚይዝለት ካሳሁን የሚባል ክራባት የማይለየው ትሑት ወጣት ነበር፤ አንቱ ብሎ አስቀመጠውና ለወሩ መጨረሻ ወደ ጣሪያው እንዲመልሱት፣ አለዚያ ቅጣት እንዳለው ነገረው። ወልደየሱስ እሺ ብሎ ወጣ። ነሐሴ ሲያልቅ ፋብሪካው ደመወዝ ከፈለ፤ አብዛኛውም ሠራተኛ ዱቤውን ከፈለ። ገንዘቡ እጁ ገባ። በማግሥቱ ባንክ ወስዶ ቢያስገባው ኖሮ እኔም የማወራው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ግን በማግሥቱ ጳጉሜ ገባች። ጳጉሜ እንግዲህ ምንድን ናት? ፋብሪካው ለጳጉሜ ደመወዝ አይከፍልም። ቤት አከራይ ለጳጉሜ ኪራይ አይጠይቅም። ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛው፣ የቆሎ ተማሪው ሳይቀር ጳጉሜን በነፃ ነው የሚኖራት። ወልደየሱስም እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው አሰበ። ወሩ አልቋል፤ የሚቀጥለው ወር የሚጀምረው መስከረም አንድ ነው፤ መካከል ላይ ያለችው ጳጉሜ የማንም አይደለችም፤ የማንም ባልሆነች ቀን ደግሞ ማንም አይቀጣም። ስለዚህ በእጁ ያለውን ብር ለሻሽና ለነጠላ አዋለው፤ ለስኳሩ፣ ለዘይቱ፣ ለጨውና ለሻማው ደግሞ ለየነጋዴው ትንንሽ ቼክ እየቀደደ ሰጠ። ዕቃው ሁሉ በዋዜማው ተሸጠ። ሰውዬው በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ዘመን ከተለወጠ በኋላ ብሩን በማዳበሪያ ቋጥሮ በአውቶብስ ከተማ ወጣ። ሐሳቡ ሁሉንም አስገብቶ፣ ከዚያ ውስጥ የበሬውን በቼክ ማውጣት ነበር። የበሬውን ገንዘብ ኪሱ አስቀርቶ የቀረውን ማስገባት ይችል እንደነበር የነገረው ኋላ ላይ ከሊል ነው። ባንክ ያለው ሰው ገንዘቡን ከባንክ ነው የሚያወጣው ብሎ ያምን ነበር። ካሳሁን ገንዘቡን ተቀብሎ ካስቆጠረ በኋላ ወረቀት አቀረበለት። ከጣሪያ በላይ ለተጻፈው ለእያንዳንዱ ቼክ ቅጣት አለ፤ ትንሹም ቼክ እንደ ትልቁ ነው የሚቀጣው። በላዩ ላይ ለየቀኑ ወለድ አለ። ያስገባው ገንዘብ ተደምሮ ገና ወደ ጣሪያው መመለሱ ነው። ጣሪያው ደግሞ በመተላለፉ ምክንያት ዝቅ ስለተደረገ፣ ለጊዜው ምንም ማውጣት አይቻልም።

«ጳጉሜንም ቆጥራችሁብኛል» አለ ወልደየሱስ።

«በእኛ መዝገብ ጳጉሜ የሚባል የለም» አለ ካሳሁን። «የምንቆጥረው በፈረንጅ ነው። የፈረንጁ ወር ያለቀው ደግሞ የነሐሴ ደመወዝ ሳይከፈል ነው።» ይህን ሲል ያፈረ ይመስል ነበር፤ ውሃ ይምጣልዎት ወይ ብሎም ጠየቀው። ወልደየሱስ ውሃውን ጠጥቶ አመስግኖ ወጣ። አውቶብሱ ላይ ቅጣቱን በልቡ ሲደምረው የአንድ ደህና በሬ ዋጋ ሆነ።

አሁን፣ መበደር አይችልም ነበር ወይ ትሉኛላችሁ። ከማን? ዕቁብተኞቹን ቢጠይቅ ከመካከላቸው አንዱ «ባንክ አለህ አይደል?» ማለቱ አይቀርም። ከሊል ጣሳውን ገልብጦ ይሰጠው ነበር፤ ወልደየሱስ ይህን በደንብ ያውቃል፤ ለዚህም ነው አፉን መክፈት ያቃተው። ያለ በሬ ልሂድ ቢል ደግሞ የሚስቱ ወንድሞች በር ላይ ቆመው የሚጎተት ነገር ከኋላው ሲፈልጉ ይታየዋል። ሱቁን ከፍቶ አቃቂ ቢቀመጥ በመስቀል የተቀመጠ ጉራጌ ነው፤ ከሰረ ይባላል፤ ከሰረ ከተባለ መርካቶ ማንም በዱቤ አይሰጠውም።

ዕቁብተኞቹ ለጉዞ መኪና ተከራይተው ሊወጡ ሲሉ፣ ነገር ረስተውለት፣ ና ውጣ አሉት። ቦታ ይዘውለት ነበር። ያን ጊዜ አንድ ቃል ከአፉ ወጣ፤ ከየት እንደመጣ እሱም አያውቀውም። እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ነገ እከተላለሁ፣ ለአማረች እንዲሁ ንገሩልኝ አላቸው። በደስታ እሺ ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ ሱቁን ዘጋ፣ ጓዙን አንጠለጠለ፣ መንገደኛ ሁሉ እየሰማው ከሊልን ተሰናበተ። ከሊል አቅፎ ሳመው፤ ለልጆቹም ብሎ ከረሜላ አስያዘው። ወልደየሱስ እስከ ድልድዩ ሄዶ ወንዙን ይዞ ተመለሰና፣ ሠራተኛው ፈረቃ ገብቶ መንገዱ ጭር ሲል በጓሮ በኩል መጣ። የሱቆቹ ዘበኛ ዱጉማ እዚያ ይጠብቀው ነበር። ዱጉማ ፋብሪካው ሳይተከል በፊት ቦታው ላይ ጤፍ ያርሱ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ነው፤ ሸምግሏል። ወልደየሱስ የፈለገው ነገር ቢኖር ወደ ውስጥ ሲገባ ከውጭ እንዲቆለፍበት፣ ማታ ማታም ዘበኛው በጓሮው መስኮት ውሃ እንዲያቀብለው ነው።

«እኔ ሌባ እንዳይገባ ነው የምጠብቀው» አለ ዱጉማ ቁልፉን እያገላበጠ። «ባለቤት እንዳይወጣ ጠብቄ አላውቅም።»

«ይቆልፉብኝ ብቻ፣ ኦቦ ዱጉማ። ሰው ከአገሩ ሲመለስ ይከፍቱልኛል።»

ዱጉማም ቆለፈ።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነበር። ተኛ። ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ በቀን ተኝቶ አያውቅም ነበር። ሁለተኛው ቀን ረዘመ። ጭሱ እንዳይታይ እሳት ማንደድ አልቻለም፤ ጋሌጣ በስኳር ውሃ እየነከረ በላ። ሳል ሲመጣበት አፉን በጋቢ ያፍናል። በሩ ላይ ስንጥቅ ነበረች፤ በእሷ በኩል የሰው እግርና የመንገዱን ጭቃ ያያል። የራሱን ሱቅ ከውስጥ እንዲህ አይቶት አያውቅም። ሲሸጥበት ጠባብ ነበር፤ አሁን ሰፍቶ ሰፍቶ ዳርቻ አጣ።

መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ በሩ ላይ እየቆመ ስለ እሱ የሚያወራ መስሎት ጆሮውን አቅንቶ ይጠባበቅ ነበር። አንድ ሁለቱ መጥተው መቆለፉን ሲያዩ «አዎ፣ ለካ መስቀል ነው» ብለው ከሊል ዘንድ ገቡ። ከዚያ በኋላ የመጣም የለም። እግራቸው ወዲያውኑ አዲሱን መንገድ ለመደ። የዓመታት ደንበኞቹ ከግድግዳው ማዶ ሲስቁ፣ በዋጋ ሲከራከሩ፣ ዱቤ ሲጠይቁ ይሰማል። ስሙን የሚያነሳ ጠፋ። ሰው ሲሞት እንኳ ሦስት ቀን ይወራለታል።

የደመራው ዕለት ማታ የሰፈሩ ልጆች ሲዘፍኑ ሰማ። ያን ጊዜ አለቀሰ። ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ አፉን አፍኖ፣ ትልቅ ሰውዬ አለቀሰ። አማረች በዚህ ሰዓት ምን እያደረገች እንደሆነ ያውቃል። ቅቤውን አንጥራለች፣ ቤቱን በነጭ አፈር ቀብታለች፣ ልጆቹን አጥባለች። ነገ ይመጣል ተብሎ ተነግሯት ነው። ያ ነገ ካለፈ ስንት ቀኑ! ስለ እሷ አስቦ የማያውቀውን ያህል አሰበ። በዓመት አንዴ ሲገናኙ እንኳ እንግዳ ሲያስተናግዱ እንደሚሰነብቱ፣ ብቻቸውን ተቀምጠው አውርተው እንደማያውቁ ትዝ አለው። ዘንድሮ ብሄድ ምን አወራት ነበር ብሎ አሰበና፣ የሚላት ብዙ ነገር እንዳለው ሲያውቅ የባሰ ጨነቀው።

መስቀል አልፎ ጥቂት ቀን እንደዋለ፣ ከፋብሪካው አቡጀዲ ጭኖ ወደ ጅማ መንገድ የሚመለስ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አቃቂ ገባ። በእሱ ላይ አማረች መጣች።

ወልደየሱስ ድምፅዋን ሲሰማ መጀመሪያ ብቸኝነቱ ያመጣበት መሰለው። ቀጥሎ በስንጥቋ እግሯን አየ። ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተለጥፎበታል። ከአገር ቤት ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ አማርኛ እምብዛም ሳታውቅ፣ ከፋብሪካው በር ጀምራ እየጠየቀች ሱቁን አግኝታዋለች። ከሊልን ባሌ የት ነው አለችው። ከሊልም ግራ ተጋብቶ፣ ለመስቀል ሄዷል፣ እኔ ራሴ ነኝ የሸኘሁት፣ ቁልፉን አታይም ወይ አላት። ቁልፉን ነካችው። ትልቅ ቁልፍ ነው፤ ወልደየሱስ ራሱ መርጦ የገዛው።

ወልደየሱስ በዚህ በኩል፣ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆሟል። ጥራት፣ ጥራት ይለዋል ልቡ። ግን ከሊል እዚያ ቆሟል፤ አላፊ አግዳሚው መሰብሰብ ጀምሯል። ሰው ገለል ሲል እጠራታለሁ ብሎ አሰበ። እንግዲህ ሰው ሊሄድ አይደለም የመጣው። ከቤቱ ወጥቶ አገሩ ያልገባ ሰው፣ መኪና ሲገለበጥ በሚሰነብትበት በዚያ ጭቃ፣ ምን ሆኖ ይሆናል? አማረች ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና በአገርዋ ቋንቋ ጮኸች።

አቃቂ ለቅሶ ሲሰማ ለማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይሮጣል። ሴቶቹ ከየቤቱ ወጡ። ከፋብሪካው ክር ክፍል ከፈረቃ የወጣችው አሰፋች ደረቷን እየመታች መጣች፤ ከነሐሴ ጀምሮ ያልከፈለችው ዱቤ ነበረባት፤ እንደሷም ያሉ ሌሎች ነበሩ፤ ዱቤ ያለበት ሰው ለቅሶው ይሞቃል። ደጉ ወልዴ፣ ሚዛኑ የማይጎድል፣ ፊቱ የማይጠቁር፣ ለድሃ የሚያዝን እያሉ ሙሾውን አወረዱት። ለሳምንት ስሙ ሲነሳ ለመስማት የናፈቀው ሰው፣ በራሱ ደጃፍ የራሱን ለቅሶ ሰማ። እያንዳንዷ ቅጽበት መናገሩን የባሰ አስቸጋሪ እያደረገችው እንደሆነ ያውቃል።

በመጨረሻ አማረች ግንባሯን ከበሩ ጋር ስታጋጭ ሰማ። ያን ጊዜ ነው የተናገረው። ሌላው ሰው እንዳይገባው በጉራግኛ፣ ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ነኝ፣ አለሁ፣ አትጩሂ አላት።

ለቅሶው እንደ ክር ተበጠሰ። አሰፋች አማተበች። አማረች ግንባሯን ከበሩ አነሳች። ከዚያ፣ እሱ በጉራግኛ ቢናገራትም፣ እሷ የመለሰችለት በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ ነው። ሆን ብላ ነው፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለኸው?»

ነገራት። ባንኩን፣ ቼኩን፣ ጳጉሜን፣ በሬውን፣ አንድ ሳይቀር በሩ ላይ አፉን አስጠግቶ በጉራግኛ ዘረዘረው። በሕይወቱ ያን ያህል ለእሷ አውርቶላት አያውቅም። ጨርሶ ትንፋሹን ሲሰበስብ እንዲህ አለችው፦

«ያለ በሬ ብትመጣ ሰው ይስቅብህ ነበር። አንድ ቀን ስቆ ይተው ነበር። እኔ መንገድ ዳር ነው የሰነበትኩት። መኪና ሲመጣ ልጆቹን አስነሳለሁ፣ መኪና ሲያልፍ መልሼ አስተኛለሁ።»

ማታ ዱጉማ ቁልፉን ይዞ ይመጣል፣ እስከዚያ ከሊል ቤት ግቢ፣ ጠብቂኝ አላት።

«እኔ ጠብቄ ጨርሻለሁ» አለች አማረች። «ሞተህ ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።»

ወልደየሱስ ከበሩ ሸሸ። ሄዶ ስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጠና ጋቢውን በራሱ ላይ ተከናነበ። ውጭ ጫጫታ ነበር፤ አንዳንዱ የሚስቅ፣ አንዳንዱ የሚገሥጽ መሰለው። በስንጥቋ ማየት አልደፈረም። ሰዎቹ ሁሉ ፊታቸውን በሩ ላይ ተክለው፣ በሩ ሲከፈት ፂሙን ያሳደገውን ሙት ለማየት ሲጋፉ ታየው። እንዲህ ሆኖ ምን ያህል እንደቆየ አላወቀም። በሩ ተንኳኳ።

«ወልዴ» አለ ከሊል። «አቡጀዲው ተጭኖ አልቋል፤ መኪናው ሊወጣ ነው። እሷም ወጥታ ተቀምጣለች። ብረት ይዤ መጥቻለሁ፣ ቁልፉን ልስበረው? ብትሮጥ ትደርሳለህ።»

ወልደየሱስ ብድግ አለ። ጫማውን ፈለገ፣ አንዱን አገኘ። እስከ በሩ መጥቶ ቆመ።

«መጀመሪያ ሰው ይበተንልኝ» አለ።

ከፋብሪካው በር በኩል የኤንትሬው ጡሩምባ ተሰማ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ወደ ድልድዩ እየራቀ ሄደ። ከሊል ብረቱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሰውማ ከተበተነ ቆየ» አለው። «እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።»